የተፈናቃዩን ልብ ማዳመጥ፤ የምክር አገልግሎት አጀማመርና ልዩ ልዩ የንግግር ሕክምና ዘዴዎች

ድርቅ በገባ ቁጥር በቅድሚያ የሚቆጠረው የጠፋው እህል፣ ያለቀው ከብትና የተራበው ሕዝብ ብዛት ነው። ይህም አግባብ ያለው አሠራር ነው፤ ሳይቆጠር የሚታደል እርዳታ ለሚገባው ሰው አይደርስምና። ሆኖም በመጠለያ ጣቢያና በሠፈራ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለገለ ሠራተኛ ሁሉ በመዝገብ ላይ የማይሰፍር ሌላ ጉዳት መኖሩን ያውቃል። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ከድንኳኗ የማትወጣ እናት፣ ራሽኑን ተቀብሎ የት እንዳስቀመጠው የሚዘነጋ አባወራ፣ መሬትና በሬ ተሰጥቶት እርፍ መጨበጥ ያቃተው ጎልማሳ በየጣቢያው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ሰው በሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ወይም «ጥገኛ» ተብሎ ይመዘገባል። የተሳሳተው ስያሜ ደግሞ የተሳሳተ ውሳኔ ያስከትላል፤ ሰውየው ይወቀሳል፣ ከዕደላው ይቀነስበታል፣ ወይም ጨርሶ ይረሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእርዳታና በመልሶ ማቋቋም ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የምክር አገልግሎት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚጀመር፣ የንግግር ሕክምና ዘዴዎች በምን እንደሚለያዩና የትኞቹ በእኛ ሀገር ሁኔታ ሊሠራባቸው እንደሚችል በአጭሩ ማስረዳት ነው። ጽሑፉ አንባቢውን ሐኪም አያደርገውም። ማንን ራሱ ሊረዳ፣ ማንን ወደ ባለሙያ ሊመራ እንደሚገባው ከለየ ግን ዓላማው ግቡን መቷል ማለት ይቻላል።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሀብ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን እንዲቋቋም ምክንያት መሆኑ ይታወሳል። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ደረሰ፤ ኮረምና ባቲም በዓለም ዘንድ የታወቁት በዚያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል እንዲሠፍር ተደረገ። ከሠፋሪዎቹ ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ መሆናቸውን፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በጉዞው መለያየታቸውን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። በቆላው የጠበቃቸው ወባ ነበር፤ በስፍራው ቀድሞ ይኖር የነበረውም ሕዝብ መሬቱን በመነጠቁ የራሱ ቅሬታ አደረበት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሠፋሪዎቹ ብዙዎቹ የተሰጣቸውን ጎጆና እርሻ ትተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘመቻው የተሰላው በጎጆ፣ በትራክተርና በሄክታር ነበር። ሰው ግን ከሄክታር በተጨማሪ የአባቶቹ መቃብር፣ የሚዳኘው ሽማግሌ፣ የሚቀብረው ዕድርና ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት ያስፈልገዋል። እነዚህ ሲቋረጡ የሚፈጠረው ባዶነት በእህል አይሞላም። በዚያ ዘመን የሀገሪቱ የአእምሮ ሕክምና በአመዛኙ በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተወሰነ ስለ ነበር፣ በመተከል ወይም በጋምቤላ ላለ ሐዘንተኛ ሠፋሪ የሚደርስለት ባለሙያ እንደማይኖር መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ በመቅረቱ አርብቶ አደሩ ከብቱን አጥቶ ወደ መጠለያ ገብቷል፤ በሰሜኑ ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነትም እጅግ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል።

የከተማው ሠፈራ፤ ልደታ እንደ አብነት

ሠፈራ ሲባል አሳባችን ወዲያው ወደ ገጠር ይሄዳል። ነገር ግን በከተማም ሠፈራ አለ። በአዲስ አበባ ልደታ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ የቆዩ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በስፍራቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና የንግድ ቤቶች ተሠርተዋል። ነዋሪዎቹ የቅድሚያ ክፍያ ከፍለው የጋራ መኖሪያ ቤት እንዲወስዱ ወይም በሌላ ስፍራ የቀበሌ ቤት እንዲቀበሉ ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር። ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። የቤቱ ጥራት ለአንዳንዶቹ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን በጉሊት፣ በእንጀራ ሽያጭና በዕለት ሥራ የሚተዳደረው ሰው ከገበያው ራቀ፤ ዕድሩና ዕቁቡ ተበተነ፤ የጥዋት ቡና አጣጪው በሌላ አቅጣጫ ሄደ።

ልደታን ለአብነት የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2003 በሀገር ውስጥ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። በዚያን ጊዜ በመላ ሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ከ20 ያነሱ ነበሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና ለረጅም ጊዜ በሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የቆየው አማኑኤልም ከልደታ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ በልደታ ያለ ነዋሪ ከማንኛውም ኢትዮጵያዊ ይልቅ ለሕክምናው ቅርብ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ የሚኖር ሰውም ቢሆን ጭንቀቱን የሚነግረው ሰው ላያገኝ ይችላል። ችግሩ የርቀት ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደሚጀመር ያለማወቅ፣ «እብድ» ተብሎ የመጠራት ፍርሃትና የሚያዳምጥ ሰው መጥፋት ናቸው።

አራቱ የድጋፍ ደረጃዎች

በአደጋ ጊዜ ለሚሰጥ የአእምሮ ጤናና ማኅበራዊ ድጋፍ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በጋራ ያዘጋጁት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። መመሪያው ድጋፉን ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ በሆነ ባለ አራት ደረጃ ፒራሚድ ይመስለዋል።

የመጀመሪያውና ሰፊው ደረጃ ምግብ፣ ውሃ፣ መጠለያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጥበቃና ጸጥታ ነው። እነዚህም ክብር ባልነካ መንገድ ሲሰጡ ራሳቸው ጭንቀትን ይቀንሳሉ። ራሽን ተቀባይን በፀሐይ አሰልፎ የሚሳደብ ሠራተኛ ምግቡን እየሰጠ ልቡን ይጎዳል። ሁለተኛው ደረጃ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ ነው፤ የጠፉ ዘመዶችን ማገናኘት፣ ለቅሶና ተዝካር እንዲፈጸም ማመቻቸት፣ ዕድሩ በአዲሱ ቦታ እንዲቋቋም መርዳት በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ሦስተኛው በሠለጠኑ ነገር ግን ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሠራተኞች የሚሰጥ የምክር አገልግሎት ነው። አራተኛውና ጠባቡ ደረጃ በሐኪምና በአእምሮ ሕክምና ነርስ የሚሰጠው ልዩ ሕክምና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖር ሕዝብ ከአምስት ሰዎች አንዱ የሚሆነው አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ይኖርበታል፤ ከባድ ሕመም የሚኖርባቸው ግን ከመቶ አምስት ያህሉ ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ አብዛኛው ተፈናቃይ አዘነ እንጂ አልታመመም፤ ስለዚህ ሁሉንም በሽተኛ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ በ10,000 ሰው ጣቢያ ውስጥ እርዳታ የሚያሻው ሰው በመቶና በሺህ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ነገሩን ለስፔሻሊስት ብቻ ትቶ መቀመጥም ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ንግግር እንዴት ይካሄዳል?

በአደጋው ሰሞን የሚያስፈልገው ሥነ ልቡናዊ የመጀመሪያ እርዳታ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማን በብርቱ እንደ ተጨነቀ መመልከት፤ ሳይቸኩሉ ማዳመጥ፤ ከዚያም ሰውየውን ከዘመዱ፣ ከሚያስፈልገው አገልግሎትና ከትክክለኛ መረጃ ጋር ማገናኘት ነው። ይህን ማንኛውም የሠለጠነ ሠራተኛ ሊፈጽመው ይችላል። የደረሰበትን አደጋ በዝርዝር እንዲተርክ ሰውን ማስገደድ ግን አይገባም። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው በአንድ ስብሰባ ሁሉን እንዲያወጣ የሚያደርገው አሠራር ጥቅሙ ስላልታየ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳይሠራበት መክሯል።

ሳምንታት አልፈው ሰውየው ወደ ዕለት ኑሮው መመለስ ካቃተው የምክር አገልግሎት ይጀመራል። ለምሳሌ ያህል፣ ከልደታ ተነሥተው በከተማው ዳርቻ በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ የገቡ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የሞላ አንዲት እናት አሉ እንበል። ቀድሞ እንጀራ እየሸጡ ይኖሩ ነበር፤ አሁን ከቤት አይወጡም። ወጣቱ የምክር ሠራተኛ በራቸውን አንኳኩቶ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ከወረዳው የምክር አገልግሎት ነው የመጣሁት። ለቆጠራ ወይም ለቤት ጉዳይ አይደለም፤ ኑሮው እንዴት እንደ ሆነልዎ ለመስማት ነው። የሚነግሩኝ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቀራል። የእርስዎን ወይም የሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ብቻ ለኃላፊዬ መንገር ይኖርብኛል። መናገር የማይፈልጉትን መተው ይችላሉ።»

«ምን አለ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።»

እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች «ደኅና ናቸው» ብለው መዝግበው ይሄዳሉ። ነገር ግን «ደኅና ነኝ» በባህላችን የሰላምታ መልስ እንጂ የጤንነት ማስረጃ አይደለም። ምስጋናውን ተቀብሎ ወደ ተጨባጩ ኑሮ መግባት ያስፈልጋል።

«ተመስገን ነው። እንቅልፍስ ይወስድዎታል?»

«እንቅልፍማ ከየት ይመጣል ልጄ። የድሮ ጎረቤቶቼን ስቆጥር ነው የሚነጋው።»

እውነተኛው ንግግር የሚጀምረው በዚህ ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ «ቡና ከማን ጋር ይጠጡ ነበር?» የሚል ቢሆን፣ ምን እንደ ጠፋና ምን ሊመለስ እንደሚችል እርሳቸው ራሳቸው ያመለክታሉ።

በመጀመሪያው ቀን ሊፈጸሙ የሚገባቸው ተግባራት የሚከተሉት ናቸው፤ ራስን ማስተዋወቅና የመጡበትን ምክንያት መግለጽ፤ ሌላ ሰው የማይሰማበት ስፍራ መምረጥ፤ ስለ ምስጢር አጠባበቅና ስለ ወሰኑ አስቀድሞ መናገር፤ ፈቃድ መጠየቅ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ነገር ምን እንደ ሆነ መጠየቅ፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ መጠየቅ፤ በመጨረሻም የሰሙትን በአጭሩ መልሶ መናገርና የሚቀጥለውን ቀጠሮ መቁረጥ። ቀጠሮው ከተቆረጠ መከበር አለበት። ብዙ ነገር ላጣ ሰው በቀጠሮ ያልመጣ አማካሪ አንድ ተጨማሪ ዕጦት ነው።

ሊቀሩ የሚገባቸውም አሉ። «አይዞሽ፣ ከአንቺ የባሰ አለ» ማለት፣ «እርሱ ያመጣውን መቻል ነው» ብሎ ንግግሩን መዝጋት፣ የማይፈጸም ተስፋ መስጠት፣ እንባ ሲመጣ ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ መዝለል የአማካሪ ጠባይ አይደለም። በትርጁማን የሚሠራ ከሆነም የተመካሪውን ልጅ ወይም የሠፈሩን ኃላፊ ማስተርጐም አይገባም፤ በልጇ ፊት የደረሰባትን የምትናገር እናት የለችምና።

ልዩ ልዩ የንግግር ሕክምና ዘዴዎች

የንግግር ሕክምና አንድ ብቻ አይደለም። ዘዴዎቹ የሚለያዩት «ሰውን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነው።

ቀዳሚው ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ የመሠረተው የሥነ ልቡና ትንተና ሲሆን፣ የጭንቀቱ ሥር በሕፃንነት ዘመንና በተሰወረ ስሜት ውስጥ ይገኛል ይላል። ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚወስድና ከፍተኛ ሥልጠና ስለሚጠይቅ ለመጠለያ ጣቢያ አይመችም። ያለፈ ሕይወት በዛሬው ስሜት ላይ ጥላውን እንደሚጥል ማስተማሩ ግን ለሁሉም ዘዴዎች ውርስ ሆኗል።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስፋፋው ተመካሪን ማዕከል ያደረገ ዘዴ ነው። በዚህ አመለካከት አማካሪው መፍትሔ አያድልም፤ በቅንነት፣ ያለ ፍርድና በአዛኝ ልብ ሲያዳምጥ ሰውየው የራሱን መንገድ ያገኛል። ማንኛውም አማካሪ ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያ ጥበብ ይኸው ማዳመጥ ነው። ከባድ ድባቴ ላለበት ሰው ግን ማዳመጥ ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና ሲሆን፣ በተለይ ከአሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሣል። አሳብ፣ ስሜትና ድርጊት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ በሚለው መሠረት ላይ ይቆማል። «ከብቴ ስላለቀ እኔ ሰው አይደለሁም» የሚል አርብቶ አደር አሳቡ ስሜቱን፣ ስሜቱም እግሩን ያስረዋል። አማካሪው አሳቡ እውነት መሆኑን ከራሱ ከሰውየው ጋር ይመረምራል፤ ትናንሽ ተግባራትንም በየቀኑ እንዲሠራ ይስማማሉ። ደጅ መጥረግ፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሳለም ከንቱ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ደስታ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ መንቀሳቀስ መጀመር ደስታን ቀስ በቀስ እንደሚመልስ በተግባር ታይቷል።

አራተኛው በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመለከተው ሕክምና ነው። ድባቴን ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥና ከብቸኝነት ጋር ያያይዘዋል፤ እነዚህ አራቱም የተፈናቃይ ዕጣ ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ መንደሮች ዘዴው በቡድን ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ወንዶችና ሴቶች በየራሳቸው ቡድን ለ16 ሳምንታት ተሰብስበው በአካባቢው ተወላጆች አመቻችነት ሲወያዩ ድባቴያቸው በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። በዕድርና በማኅበር መሰብሰብ ለለመደው የእኛ ሕዝብ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም።

አምስተኛው የችግር አፈታት ዘዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ በአምስት ሳምንታት፣ በየሳምንቱ በ90 ደቂቃ ስብሰባ የሚፈጸም ሲሆን አራት ነገሮችን ያስተምራል፤ በዝግታ በመተንፈስ ጭንቀትን ማብረድ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ በደረጃ መፍታት፣ ወደ ተግባር መመለስና የወዳጅ ዘመድ ድጋፍን ማጠንከር። በፓኪስታንና በኬንያ ተፈትኖ ጠቅሟል። በዚምባብዌም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሠለጠኑ አረጋውያት እናቶች በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተመሳሳይ ዘዴ ይሠሩበታል። ለጣቢያና ለሠፈራ ቦታ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ዘዴ ነው፤ አጭር ነው፣ ስፔሻሊስት አይጠይቅም፣ ነገር ግን ሥልጠናና የማያቋርጥ ክትትል ይፈልጋል።

ስድስተኛው ጽኑ የአእምሮ ቁስልን የሚመለከቱ ዘዴዎች ናቸው። በጦርነት ወይም በአመፅ የደረሰበት ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ የሚመላለስበት ሰው የሕይወት ታሪኩን ከልደት እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል፣ ክፉውንም ደጉንም እንዲተርክ የሚረዳ ዘዴ በኡጋንዳ በሱዳናውያን ስደተኞች ዘንድ ተሞክሮ ጥቅሙ ታይቷል። ይህ ግን ልዩ ሥልጠና በሌለው ሰው እጅ ሊሞከር አይገባም። ቁስሉን ከፍቶ ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው ከማዳን ይልቅ ይጎዳልና።

ኃላፊው እነዚህን ዘዴዎች ሲመርጥ ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዘዴው በሕዝቡ ቋንቋ ሊሰጥ ይችላልን? በጣቢያው ያሉት ሠራተኞች ሠልጥነው በተቆጣጣሪ ሥር ሊሠሩበት ይችላሉን? ተመካሪው በቦታው በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ ያልቃልን? በሁለት ወር ውስጥ ለሚነሣ ጣቢያ የአንድ ዓመት ሕክምና ማቀድ ጀምሮ ከመተው አይለይም። ዘዴው ማንኛውም ቢሆን በአማካሪውና በተመካሪው መካከል መተማመን ከሌለ ፍሬ እንደማያፈራም መዘንጋት አይገባም።

ጸበል፣ ነፍስ አባትና ዕድር

የኢትዮጵያ ሕዝብ የአእምሮ ሕመም ሲያጋጥመው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ጸበል፣ ወደ ቃልቻ ወይም ወደ ሸክ ነው። ይህን እንደ ጠላት የሚመለከት ሠራተኛ ሕዝቡን ያጣዋል። ነፍስ አባት፣ ኢማምና የአገር ሽማግሌ ከማንኛውም አማካሪ በፊት የሕዝቡ መካሪዎች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ስለሆነም እነርሱን ሰብስቦ ስለ ድባቴና ስለ ከባድ ሕመም ማስረዳት፣ ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲፈቅዱ መስማማት ይገባል። ሳይደራደሩ መቆም የሚያስፈልገው በሽተኛ በሰንሰለት ሲታሰር፣ ሲደበደብ ወይም ምግብና መድኃኒት ሲከለከል ነው።

በገጠርም ቢሆን በጤና ጣቢያ ሠራተኞች አማካይነት ሕክምናውን ለሕዝቡ ማቅረብ እንደሚቻል በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተካሄደው ሥራ አሳይቷል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት አገልግሎቱ ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ አቅዶ ነበር። ስለዚህ የጣቢያ ኃላፊ ቀዳሚ ተግባሩ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ በዚህ ረገድ የሠለጠነ ሠራተኛ ያለው መሆኑን ማጣራት ነው።

ወደ ሐኪም መላክ ግዴታ የሚሆነው መቼ ነው?

ሰውየው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ከእውነታ የራቀ ነገር የሚናገር፣ ምግብና ውሃ እምቢ ያለ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ከወለደች በኋላ ሕፃኗን መያዝ ያቃታት ወይም ስለ ሞት የምታስብ እናት ከሆነች ጉዳዩ ከምክር በላይ ነው። ራሱን ለመግደል ያስባል ተብሎ የሚጠረጠርን ሰው በቀጥታ፣ በለሰለሰ አንደበት መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው አሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። አሳቡ ካለ ብቻውን አለመተው፣ መርዝ፣ ገመድና ስለት ማራቅ፣ የሚያምነውን ዘመድ መጥራትና በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። በሽተኛው በደብዳቤ ብቻ አይላክም፤ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ፤ ሲመለስም መድኃኒቱን መውሰዱን የሚከታተል ይመደብለት።

ሠራተኛውስ?

በመጨረሻም ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ነገር የሠራተኛው የራሱ ሁኔታ ነው። በየቀኑ ሞትና ልቅሶ የሚሰማ ሰው ውሎ አድሮ ወይ ልቡ ይደነድናል፣ ወይ እንቅልፉን ያጣል። ሁለቱም ተረጂውን ይጎዳሉ። ስለዚህ ኃላፊዎች ሠራተኞቻቸው በተራ እንዲያርፉ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የገጠማቸውን ከባድ ጉዳይ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተመካሪውን ስም ሳይጠሩ እንዲወያዩ፣ ልምድ ያለው ተቆጣጣሪም እንዲኖራቸው ማድረግ ይገባቸዋል። ይህ ቅንጦት ሳይሆን እንደ መኪናው ነዳጅና እንደ መጋዘኑ ቁልፍ ያለ የሥራ መሣሪያ ነው።

በምሳሌነት ወዳነሣናቸው እናት እንመለስ። ለእርሳቸው የሚያስፈልገው ሐኪም ላይሆን ይችላል። አማካሪው በአምስት ሳምንት ውስጥ ከእርሳቸው ጋር የሚሠራው ሥራ ምናልባት እንዲህ ያለ ነው፤ በመጀመሪያ እንቅልፍ የሚነሣቸውን ጭንቀት ማብረድ፤ ቀጥሎ በዚያው ሕንፃ ከልደታ የመጡ ሌሎች ሦስት ቤተሰቦችን አፈላልጎ ቡና እንዲጠራሩ ማድረግ፤ ከዚያም በሕንፃው ሥር እንጀራ የሚሸጡበትን ፈቃድ ከወረዳው ጋር መነጋገር፤ በመጨረሻ አዲስ ዕድር ሲቋቋም ስማቸውን ማስመዝገብ። ከእነዚህ አንዱም ተአምር አይደለም። ነገር ግን እነዚህን ለመሥራት አስቀድሞ በራቸውን ማንኳኳት፣ «ደኅና ነኝ» ካሉም በኋላ ተቀምጦ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቤቱን ያስረከበ ኃላፊ ሥራውን አጠናቀቅሁ የሚለው ገብተው ያደሩት ሰዎች እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው ካረጋገጠ በኋላ ሊሆን ይገባል።